የሩቅያን ልብ ለማየት፤ ከደሴ እስከ ካርቱም

የመነሻው ምክንያት

ከደሴ የተነሳሁት የሚሌኒየሙ በዓል ሊደርስ ወራት ሲቀሩት፣ በየካቲት፣ አንድ ሰኞ ማለዳ ነው። የጂኦግራፊ መምህር ስለሆንኩ ለመንገድ ስነሳ ካርታ ከእጄ አይጠፋም። በዚህ ጉዞ ግን በሻንጣዬ የነበረው ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ እናቴ የላከችው ዳቦ ቆሎ፣ አንድ የሐኪም ደብዳቤና የራሴ ልብ ፎቶግራፍ ነው። የምሄደው ካርቱም በሰው ቤት የምትሠራውን ታናሽ እህቴን ሩቅያን ሐኪም ቤት ለመውሰድ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በወንድማችን በእንድሪስ ነው። ባለፈው ዓመት የኮምቦልቻ ሚኒባስ ሊያመልጠው ሲል ሮጠ። ሩጫው መቶ ሜትር አይሞላም። የመኪናውን በር በእጁ ከነካ በኋላ ወደቀ፤ አልተነሳም። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ጉንፋን እንኳ ብዙም አይዘው። አባታችንም እንደዚሁ ነው የሞተው። እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እርሻ ላይ፣ እርፍ እንደጨበጠ ወደቀ። ሁለቱንም ቀበርን። ለምን ሞቱ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

የጠየቀው አዲስ አበባ ያለ አንድ የልብ ሐኪም ነው። ከእንድሪስ ሞት በኋላ ደረቴ ውስጥ አንዳንዴ እንደ ወፍ የሚርገበገብ ነገር ስለተሰማኝ ሄድኩ። ሐኪሙ ደረቴን ቀዝቃዛ ቅባት ቀባና በድምፅ ሞገድ የልብን ምስል በሚያወጣው መሣሪያ አየኝ፤ ኢኮ ይሉታል። የልቤን ግራና ቀኝ የሚለየው ግድግዳ አሥራ ሰባት ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። የጤነኛ ሰው ከአሥራ አንድ አይበልጥም። ሐኪሙ እጁን ሳያነሳ፣ «ከቤተሰብህ በድንገት የሞተ ሰው አለ?» አለኝ። አባቴንና ወንድሜን ነገርኩት። መሣሪያውን አስቀመጠ።

«ይህ በሽታ ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል» አለኝ። «ብዙው ሰው አብሮት ያረጃል። ጥቂቱን ግን ሳያስጠነቅቅ ይገድላል። ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለመገመት ልቡን ማየት ያስፈልጋል።»

እኔ ራሴን ስቼ ስለማላውቅ፣ ሃያ አራት ሰዓት የተቀዳው የልብ ምቴም ደህና ስለነበር አደጋዬ ዝቅተኛ ነው አለኝ፤ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒንም አዘዘልኝ። ሁለቱ ሴቶች ልጆቼ ታዩ፤ ለጊዜው ንጹሕ ናቸው። ከዚያ «ከአባትህ የተወለደ ሁሉ ይታይ» ብሎ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፈልኝ። የቀረችው ሩቅያ ብቻ ነበረች።

በስልክ ብነግራት ሳቀች። «ወንድምጋሼ፣ የኔ ልብ እንደ ጀነሬተር ነው» አለችኝና ካርዷ አለቀ። በሳምንቱ ከካርቱም የተመለሰች የሰፈራችን ልጅ ቤቴ መጣች። ሩቅያ ባልዲ ውኃ ይዛ ደረጃ ስትወጣ ወድቃ እንደነበር፣ ለማንም እንዳትነግር እንዳስማለቻት ነገረችኝ። በማግሥቱ የቪዛ ጉዳይ ጀመርኩ።

ከደሴ እስከ መተማ

አውቶቡሳችን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳ። ወልድያ ምሳ በልተን ወደ ደጋው ስንወጣ የምዕራቡ መንገድ አቧራ ሆነ። ጋሸና ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሾፌሩ መስኮት የሚከፍተውን ሁሉ በስሙ እየጠራ የሚሳደብ ይመስል ነበር። ደብረ ታቦር አደርን። በማግሥቱ የጉና ተራራን በስተጀርባ ትተን ወደ ፎገራ ሜዳ ወረድን፤ እኩለ ቀን ላይ ጎንደር ገባን። ስለዚህ ሜዳ አሥራ ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ባይኔ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነው። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከምስለው በጣም ይሰፋል።

ረቡዕ ከጎንደር ወደ መተማ ወረድን። ከአይከል በኋላ አየሩ ይለወጣል። ካፖርት የለበሱ ሰዎች አንድ በአንድ ያወልቃሉ፤ ሸኸዲ ስንደርስ ሁላችንም በሸሚዝ ነበርን። መተማ አንድ ጎዳና፣ ብዙ ሆቴል፣ መጨረሻው ላይ አንዲት አጭር ድልድይ ናት። ከድልድዩ ወዲያ ሱዳን ነው።

ከድልድዩ ማዶ ያለው መኮንን ሻንጣዬን ሲፈትሽ ፖስታውን አገኘ። ጥቁሩን ፎቶግራፍ አውጥቶ ወደ ብርሃን ያዘው።

«ይህ ምንድን ነው?» አለኝ በእንግሊዝኛ።

«ልቤ ነው።»

አላመነኝም። ጓደኛውን ጠራ። ሁለቱ እያገላበጡ አዩት። ደብዳቤውን ካነበበ በኋላ ፊቱ ለሰለሰ፤ የገዛ ደረቱን በመዳፉ ነካ ነካ አደረገና ፓስፖርቴ ላይ ማኅተሙን መታ። «እህትህን አላህ ያቆይልህ» አለኝ። ካርቱም እስክገባ ድረስ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ከገዳሪፍ ወደ ካርቱም

ገዳሪፍ ያደርኩት አልጋው በግቢ ውስጥ፣ በሰማይ ሥር በተዘረጋበት ማደሪያ ነው። ሐሙስ ጠዋት ቀዝቃዛ አየር የሚነፍስበት ዘመናዊ አውቶቡስ ተሳፈርን፤ ረዳቱ ብስኩትና ለስላሳ ያድላል። መንገዱ አስፋልት፣ መሬቱ ጠፍጣፋ ነው። ማሽላው ታጭዶ ያለቀበት ሜዳ ከአድማስ እስከ አድማስ ይዘረጋል። ለደሴ ሰው አንድም ጉብታ የሌለበት አገር ማየት እንግዳ ነገር ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል።

ለሻይ በቆምንበት ሴትዮዋ «ኹምሱ ሚያ» አለችኝ፣ አምስት መቶ። ደነገጥኩ። አጠገቤ የተቀመጠ ሽማግሌ ሳቀና ከኪሴ ግማሽ ፓውንድ አንስቶ ከፈለልኝ። ገንዘቡ ሰሞኑን ተቀይሮ ኖሮ ሕዝቡ ገና በድሮው ነው የሚጠራው። ከዚያ ወዲያ ዋጋ ስሰማ መደንገጥ ተውኩ።

ካርቱም የገባነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሙቀቱ ከአውቶቡሱ በር ላይ እንደ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ያሳረፈኝ የሥራ ባልደረባዬ አጎት ጋሽ ግርማ ነው። ቤቱ ሳጃና የሚባል ሰፈር ሲሆን፣ ወደ ካርቱም ከመጣ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ በሚባለው የከተማው ክፍል ባለች ሱቁ ማቀዝቀዣ ይጠግናል። ልጆቹ በአማርኛ ሲጠየቁ በዓረብኛ ይመልሳሉ፤ እሱም ራሱ ዓረፍተ ነገሩን በአንዱ ጀምሮ በሌላው ይጨርሳል።

የመጣሁበትን ስነግረው ጠረጴዛውን መታ። «ባሕሪ ውስጥ የልብ ሐኪም አለ፣ ዶክተር ሙንተሲር። የክሊኒኩን ተላጃ የምሠራለት እኔ ነኝ!» አለኝ፤ ተላጃ የሚለው ማቀዝቀዣውን ነው። «ዛሬውኑ እደውላለሁ። ቅዳሜ እስከ ስምንት ሰዓት ይሠራል። ኢንሻአላህ ያያታል። አንተ ብቻ ልጅቱን አምጣልኝ።»

አል-ጣኢፍ

ልጅቱን ማምጣት ከደሴ ካርቱም ከመምጣት ይከብድ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ጋሽ ግርማ ባለ ሦስት እግሯ ራክሻ ላይ አሳፍሮ አድራሻውን ለሾፌሩ ነገረልኝ። አል-ጣኢፍ ሰፋፊ ግቢ፣ ከፍ ያለ አጥርና ጸጥታ ያለበት ሰፈር ነው። ደወሉን ስደውል በሩን የከፈተችው ሩቅያ ናት። ለአፍታ አላወቀችኝም። ከዚያ ጮኸችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ዘጠኝ ዓመት ሆኖናል። የሃያ ዓመት ልጅ ሆና የሸኘኋት፣ አሁን ጉንጯ ሞልቶ፣ ድምፅዋ ጎላ ብሎ፣ የግቢው አዛዥ መስላ አገኘኋት።

የቤቱ እመቤት፣ እሷ «ማዳም» የምትላት፣ ወጥታ ሰላም አለችኝና ሻይ እንዲቀርብልኝ አዘዘች። ላይኛው ፎቅ የማዳም እናት፣ ሐጃ ነፊሳ፣ ይኖራሉ። እግራቸው ስለማይታዘዝ ሩቅያ ናት የምታነሳቸው፣ የምታጥባቸው፣ ምግባቸውን የምታደርስላቸው። በግቢው ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለን እንኳ ሁለት ጊዜ ተጠርታ ደረጃውን በሩጫ ወጣች። በእያንዳንዱ እርምጃዋ እኔ እቆጥር ነበር።

ስትመለስ ፖስታውን አወጣሁ። «ይህ የኔ ልብ ነው። ይህን ግድግዳ ተመልከቺ።»

አልተመለከተችም። ትሪውን አነሳች። «አስቀምጠው።»

«ደረጃ ላይ ወድቀሽ ነበር።»

«አስቀምጠው አልኩህ፣ ወንድምጋሼ!» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስማኝ። ካላወቅሁ እሠራለሁ። ካወቅሁ ማዳም ታውቃለች፤ ማዳም ካወቀች ታሰናብተኛለች። የመኖሪያ ወረቀቴ፣ ኢቃማዬ፣ በስሟ ነው። ያለ እሱ መንገድ ላይ ብወጣ በአፈሳ ይወስዱኛል። ልብ ምን ያደርግልኛል?»

ከክፍል ተማሪዎቼ ጋር ስከራከር አልሸነፍም፤ ይህን ግን በክርክር እንደማልረታ ገባኝ። ስለዚህ ክርክሩን ተውኩና እውነቱን ነገርኳት። «እሺ፣ አንቺ አትታዪ። እኔ ግን ከስድስት ወር በኋላ እንደገና መታየት አለብህ ተብያለሁ፤ ጊዜው ደርሷል። ነገ ባሕሪ ቀጠሮ አለኝ። ዓረብኛ አላውቅም። ማን ያስተረጉምልኛል?»

ትሪውን እንደያዘች ቆመች። ለኔ ሲሆን ፊቷ ተለወጠ። «አሞሃል እንዴ?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ። ነገ እናያለን።»

ገብታ ከማዳም ጋር ተነጋገረችና ተመልሳ፣ «ከአምስት እስከ አሥር ሰዓት ፈቅዳልኛለች» አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ድልድዩ ላይ

ከአል-ጣኢፍ ወደ ባሕሪ ለመሄድ ጥቁር ዓባይን መሻገር ግድ ነው። የተሳፈርናት ሐፍላ፣ የከተማ አውቶቡስ ማለት ናት፣ ድልድዩ መግቢያ ላይ ቆመች። መሐል ላይ የጭነት መኪና ተበላሽቶ ኖሮ መኪናው ሁሉ ተቆላልፏል። ሰባት ሰዓት ሆነ። ሰባት ከሩብ ሆነ። ሐኪሙ ስምንት ሰዓት ላይ ይወጣል።

«ኸላስ፣ በእግራችን!» አለች ሩቅያ። ወረድን። ድልድዩ ረጅም ነው፤ ፀሐዩ ከላይም ከአስፋልቱም ይመጣል። ከታች ወንዙ በየካቲት ጎድሎ አሸዋው ወጥቷል፤ ሰዎች በዳር በዳሩ ጎመን ዘርተዋል። ሩቅያ ሰዓቷን አየችና ቀሚሷን ሰብስባ መሮጥ ጀመረች።

ያን ጊዜ የተሰማኝን አልረሳም። እንድሪስን አየሁት። ልከተላት አልችልም፤ ብሮጥ እኔም እንደ እሱ ልወድቅ እችላለሁ። ያለኝን ድምፅ ሁሉ አውጥቼ ጮህኩ፤ «ሩቅያ! ቁሚ! በአላህ ቁሚ!» በመኪና የታጎሩት ሰዎች ሁሉ ዞሩ። ቆመች። ደርሼ ክንዷን ያዝኩ።

«ይቅር» አልኳት። «ሐኪሙ ይሂድ። ሌላ ቀን ይመጣል። እንድሪስም እኮ የሚቀጥለውን መኪና ቢጠብቅ ኖሮ…» አልጨረስኩትም።

ከዚያ በኋላ እንደ ሽማግሌ ተራመድን። ጥቂት እንደሄድን፣ ፊቷን ወደ ውኃው አድርጋ፣ «አንድ ጊዜ አይደለም» አለች። «ሁለት ጊዜ ነው የወደቅሁት። ሁለተኛው ሐጃን አልጋ ላይ አስቀምጬ ስዞር ነው። ስነቃ ሐጃ እጄን ይዘው ቁርአን ይቀራሉ። ለልጃቸው አልነገሩብኝም። እኔ ለምኛቸው።»

«ከመውደቅሽ በፊት ምን ይሰማሻል?»

«ምንም። መብራት እንደማጥፋት ነው።»

ክንዷን ሳልለቅ ተሻገርን። ከድልድዩ ማዶ፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ለመንገደኛ የተቀመጡ የውኃ እንስራዎች አሉ፤ ዚር ይሏቸዋል። ቀድታ አጠጣችኝ፤ እሷም ሁለት ኩባያ ጠጣች። ከስምንት ሰዓት ሃያ ደቂቃ አልፎ ነበር።

ክሊኒኩ

ዶክተር ሙንተሲር የመኪናውን ቁልፍ ይዞ በር ላይ ነበር። ቀጭን፣ መነጽራም፣ ሃምሳ የሚሞላው ሰው ነው። ጸሐፊዋ «ተዘግቷል» አለችን። ደብዳቤውን ብቻ አቀበልኩት። በቆመበት አነበበው። «አባትና ወንድም?» አለኝ በእንግሊዝኛ። «አዎ» አልኩት። ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ወረወረና ጃኬቱን አወለቀ።

መጀመሪያ የተኛሁት እኔ ነኝ። ሩቅያ ለማስተርጎም ከራስጌዬ ቆመች። ስክሪኑ ላይ ልቤ መጣ። ትናንት ፎቶግራፉን አላይም ያለች ልጅ ትንፋሽዋን ያዘች። ፎቶግራፍ የሞተ ነገር ነው፤ ይሄኛው ግን ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ በሮቹ ይወዛወዛሉ።

«ይህ አንተ ነህ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

ሐኪሙ ከአዲስ አበባው ጋር አስተያየና በዓረብኛ ተናገረ። ሩቅያ ወደ እኔ አጎነበሰች። «አልጨመረም ይላል። ክኒኑን ቀጥል፤ ከባድ አትሸከም፤ አትሩጥ። በዚህ ልብ ሽማግሌ ትሆናለህ ይላል።» ይህን ስትለኝ እንባዋ ወረደ። ከዚያ ሳንለምናት ጫማዋን አወለቀች። «ያላ፣ ተነስልኝ። አልጋው ላይ እኔ ልተኛ።»

ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። በሩ ገርበብ ያለ ስለሆነ ድምፃቸው ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይገባኝም። ሐኪሙ ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች። አንድ ጊዜ «ሁለት ጊዜ» የሚለውን ያወቅሁት በድምፅዋ ነው። ሲጠሩኝ ምስሉ በስክሪኑ ላይ ቆሞ ነበር። ከግድግዳው አንዱ ጫፍ እስከ ሌላው መስመር ተሰምሮበታል። ሠላሳ አንድ ሚሊ ሜትር። የኔን እጥፍ ሊያክል ምንም አልቀረውም።

ዶክተር ሙንተሲር ወንበሩን ወደ እሷ አስጠግቶ፣ ቀስ እያለ፣ ለእሷ ነው የነገራት። ወንድሟ ስለሆንኩ መጀመሪያ ለእኔ ይነገረኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሱ ግን የልቡ ባለቤት ማን እንደሆነች ያውቃል። እሷ ሰምታ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

«ግድግዳው በጣም ወፍሯል። ብቻውን ቢሆን አንድ ነገር ነው። ከሁለቱ መውደቄ፣ ከእንድሪስና ከአባባ ጋር ሲደመር ግን የኔ ከአንተ የተለየ ነው። ልቤ በድንገት ስልቱ ሊጠፋበት ይችላል። አንድ መሣሪያ አለ፤ እዚህ ከአንገት አጥንት በታች ይቀበራል። ልብ ስልቷን ስትስት በኤሌክትሪክ መትቶ ይመልሳታል። መጀመሪያ ግን ሃያ አራት ሰዓት የሚቀዳ ነገር ልልበስ።» ከዚያ አሰብ አድርጋ ጨመረች፦ «ሞት አይደለም የነገረኝ። በር የት እንዳለ ነው ያሳየኝ።»

የካሴት ማጫወቻ የሚያክለውን መቅጃ ከቀሚሷ ሥር በወገቧ ታጥቃ፣ ገመዶቹን በደረቷ አስለጥፋ፣ በታክሲ ተመለስን። ከመውጣታችን በፊት ስለ ክፍያው ስጠይቅ ሐኪሙ በእጁ ወደ ውጭ ጠቆመኝ። «ግርማ ማቀዝቀዣዬን ያስተካክልልኝ» አለ።

ማዳምና ሐጃ

ሰኞ መቅጃው ተነበበ። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሩቅያ ልብስ ስታሰጣ፣ ልቧ ለጥቂት ሰከንድ ያለ ልክ ፈጥኖ ኖሯል። እሷ አንዳች አልተሰማትም። ሐኪሙ ያን ወረቀት ካየ በኋላ አላመነታም። መሣሪያው በእኛ ገንዘብ የሚገዛ ነገር አይደለም፤ ግን በየዓመቱ ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞች ለጥቂት ሰዎች በነጻ ይገጥማሉ፤ የሩቅያን ስም ከዝርዝሩ አናት ላይ ጻፈው። እስከዚያው ክኒን፣ ሸክም የለም፣ ሩጫ የለም፣ በዚህ ሙቀት ደግሞ ውኃ ሳይጠጡ መዋል የለም።

የቀረው ማዳምን መንገር ነው። አብሬያት ሄድኩ። ሩቅያ በግቢው መሐል ቆማ፣ እጇን አጣምራ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገረቻት። የማዳም ፊት ቀላ። እየጮኸች መለሰችላት፤ ከጩኸቱ የገባኝ «እናቴ» የሚለው ቃል ብቻ ነው። በኋላ ሩቅያ እንዳስረዳችኝ፣ «እናቴን ተሸክመሽ ደረጃ ላይ ብትወድቂስ? ሁለታችሁንም እቀብር ነበር!» ነው ያለቻት። እውነትም አላት። ሩቅያ አልተከላከለችም፤ ጥፋቷን አመነች።

ይሄኔ ከላይ በረንዳ ድምፅ ተሰማ። ሐጃ ነፊሳ ከበረንዳው መደገፊያ አጠገብ ካለው ወንበራቸው ሆነው ሁሉንም ይሰሙ ነበር። ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ፤ ቁጣ የለበትም፤ ግን መልስ የሚሰጡት ዓይነት ድምፅ አልነበረም። 

«ምን አሉ?» አልኳት ሩቅያን።

«እኔ መቼ ነው ፎቅ ላይ መኖር የለመንኩት? አሉ። አልጋዬን ታች ሳሎን አውርዱልኝ። ሩቅያ አትሸከመኝም፤ ከኔ ጋር ትቀመጣለች። እኔ ስወድቅ እሷ፣ እሷ ስትወድቅ እኔ እንጮሃለን፣ አሉ።»

በዚያው ምሽት የማዳም ባልና ዘበኛው አልጋውን አወረዱት። ለውኃና ለልብስ አጠባ ሌላ ሴት ተቀጠረች፤ የሩቅያ ደመወዝም ትንሽ ቀነሰ። አልከፋትም። «ኢቃማዬ አለ፣ ሐኪሜ አለ፣ ሐጃ አሉ» አለችኝ። አብረን ወደ አገር እንግባ ብላት እምቢ አለች። «ስሜ ዝርዝር ላይ ያለው እዚህ ነው። ተራዬን ትቼ የት እሄዳለሁ?» ትክክል ነበረች። መሣሪያው ከረመዳን በኋላ ተገጠመላት፤ ይህን የሰማሁት በስልክ ነው። እስካሁን አንድ ጊዜም መምታት አላስፈለገውም።

መመለስ

የመመለሻውን መንገድ ማስታወሻ ብዙም አልጻፍኩም፤ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ከመንገዱ የተማርኩት ምንድን ነው ብዬ ራሴን ስጠይቅ ግን ይህን አገኘሁ። የልብ ምስል የሚያወጣው ሐኪም ሞትን የሚተነብይ ጠንቋይ አይደለም። ከአንድ እናትና አባት የተወለድን፣ አንድ በሽታ ያለብን ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔ በክኒን፣ እሷ በመሣሪያ እንደምንኖር የለየልን ምስሉና ታሪካችን አንድ ላይ ሲነበቡ ነው። ዝም ያልነውን ሁሉ መናገር ነበረብን፤ ምስሉ ብቻውን ግማሽ ወሬ ነው።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ከወልድያ ወደ ደሴ ስመለስ ሐይቅ ከተማ ላይ ወረድኩ። እናታችን ከከተማው ወጣ ብላ በድሮው ቤታችን ትኖራለች። ስለ ሩቅያ ሁሉንም ነገርኳት። ሰማችና፣ «አባትህም እንዲህ ነው?» አለችኝ።

«ሳይሆን አይቀርም፣ እማ። ሦስታችንም ከእሱ ነው የወሰድነው።»

«ከተወለደ ጀምሮ ደረቱ ውስጥ ነበር?»

«አብሮት ነው የኖረው።»

«ማንም አላደረገበትም?»

«ማንም።»

 ከዚያ ለእኔ አንድም ቀን ያላወራችውን ነገረችኝ። አባታችን በሞተበት ጠዋት የጎረቤታችን ሚስት ዘይነብ ሲያርስ አይታ፣ «ሐሰን ዛሬስ በሬውን ትተህ ብቻህን የምታርስ ትመስላለህ» ብላ አሞግሳው ነበር፤ ማሻአላህም አላለችም። ቀትር ላይ ወደቀ። እናቴ የዘይነብ ዓይን ነው የበላው ብላ አመነች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሰርግም በሐዘንም ዓይኗን አላየችውም። ሁለቱ አጥሮች መሐል ያለው መንገድ ሰባት እርምጃ አይሞላም።

እናቴ ተነሳች። ሻሿን አስተካከለች፤ ነጠላዋን ደረበች። «ወዴት ነሽ?» አልኳት። ከግቢው ወጥታ መንገዱን ተሻገረች፣ እኔም በር ላይ ቆሜ አየኋት። የዘይነብን የቆርቆሮ በር በጣቷ አንኳኳች፤ ቀስ ብላ፣ እንደ እንግዳ።

ከውስጥ የአሮጊት ድምፅ «ማነው?» አለ።

እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እኔ ነኝ፣ ዘይነብ። የሐሰን ሚስት ነኝ። ክፈችልኝ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»